ጨው ያቃጠለው በርበሬ

በዚህ መጋቢት ልደታ ላይ የወረደው ሙቀት ለጉድ ነው። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ሲንጣጣ ይውላል፤ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ዣንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ልጆች እንኳ ላባቸው ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ተቸግረዋል። ታዲያ ከግቢዬ አንዲት ክፍል የተከራየችው ሰላማዊት፣ እዚያው ፍርድ ቤት በታይፕ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሰሞኑን በባዶ የቀለም ቆርቆሮ በርበሬ ተክላ በረንዳው ላይ ደረደረችው። ትትከል፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ትናንት ግን ለምሳ ስትመጣ ቅጠሉ ሁሉ ዘፍ ብሎ አገኘችውና በጆግ ውሃ ይዛ ስትሮጥ አየኋት። «አታጠጪው!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ፤ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። «ምነው እማማ አስካለ? ደርቆ እኮ ነው!» አለችኝ። «ፀሐዩ ነው፣ ሲመሽ ራሱ ይነሳል። በዚህ ቃጠሎ በርበሬ አይጠጣም» አልኳት። ያልኩት እውነት ነው፤ የጮህኩት ግን ለዚያ አልነበረም። ያ ዘፍ ያለ ቅጠልና ያ የጋለ አፈር ሽታ ወዴት ይዞኝ እንደሄደ ለዚህች ልጅ ምን ብዬ ላስረዳት? እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ እኔ እዚያው በረንዳ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ያን ጊዜ፣ ጣሊያን በገባ ሰሞን፣ ልደታ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ወያላው የሚጮህበት ቦታ ሜዳ ነበር፣ ከብት ይውልበታል። ከልደታ ማርያም በር ቁልቁል ወደ አብነት ስትወርዱ ግራና ቀኙ የቁልቋል አጥርና ባሕር ዛፍ ነው። ቤቱ አልፎ አልፎ ነው፣ ክዳኑም ሣር። ቆርቆሮ የከደነ ሰው ሀብታም ይባላል፤ እኛም በዚያ ሒሳብ ሀብታሞች ነበርን፣ የባለቤቴ አባት ነፍሳቸውን ይማረውና በደጉ ጊዜ ከድነውት ስለሞቱ። መታጠፊያው ላይ የአንድ አርመን ሱቅ ነበረች፣ ስኳር በሰማያዊ ወረቀት እየጠቀለለ የሚሸጥ። ሻማ ከሱ ነው፣ ክብሪት ከሱ ነው፣ አቡጀዴውም ከሱ። አንድ ማርትሬዛ ብር ይዛችሁ ገበያ ከወጣችሁ ዕቃውን የሚሸከምላችሁ አህያ ትፈልጋላችሁ። ጣሊያን ያንን የወረቀት ሊሬውን ሲያመጣ ባላገሩ አፍንጫውን ነፍቶ እምቢ አለ፤ ብሩን በጥርሱ ነክሶ ካላየ የበርበሬውን ጆንያ አይፈታም። እኛ ሴቶች ነጠላችንን አፍንጫችን ድረስ ተከናንበን ነበር የምንሄደው፤ ለወግ ብቻ አይደለም፣ ማን እያየ እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው።

እኔ የተዳርኩት ጣሊያን ከተማችን በገባ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር ነው። ሰርግ ካላችሁት ሰርግ ነበር፤ ዘፋኞቹ ድምፃቸውን እየዋጡ፣ ከበሮው በጋቢ ታፍኖ፣ ሚዜዎቹ የካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው። ባለቤቴ ደምሴ ለእናቱ ለእመት ብዙነሽ አንድ ልጅ ነው። አማቴ ቀይ፣ ረጅም፣ ምላሳቸው ምላጭ የሆነ ሴት ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት «አንቺ ልጅ፣ ወጥ ስታማስዪ ሐሳብሽ የት አገር ነው የሚሄደው?» ብለው አስለቅሰውኛል። የዚያኑ ዕለት ደግሞ ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው ፀጉሬን ሠሩኝ፣ በቅቤም አራሱኝ። እንዲህ ነበሩ፤ መቆጣቱንም መውደዱንም ለነገ አያሳድሩትም።

የካቲት ላይ ያ ጉድ መጣ። ምን ልበላችሁ፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ ከሌላ ይስማው፣ እኔ አፌ እሺ አይለኝም። የማስታውሰው የጭሱን ሽታና ጭሱ ካለፈ በኋላ የመጣውን ዝምታ ነው። ውሻ አይጮህም ነበር። ጅብ ግን በጠራራ ፀሐይ ወደ ወንዙ ሲወርድ ታየ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሰው ሲያይ እንኳ የማይደነብር። ከዚያ አዋጅ ተነገረ፤ መሣሪያ የተገኘበት ቤት ከነሰዉ ይቃጠላል ተባለ። የተባለው ደግሞ ሲደረግ አይተናል። ደምሴ የአባቱ ምንሽር ጠመንጃ አለችው። ላስረክብ አላለም፣ ወንድ ነዋ! ይዣት ልውጣ ቢል ኬላው ሁሉ ፍተሻ ነው። ስለዚህ እሱ ባዶ እጁን ዱር ሊገባ፣ እሷን ቀብረን ልናቆይለት፣ ሲመቸው ሰው ልኮ ሊያስወስዳት ተማከርን።

ችግሩ የት ትቀበር ነው። ጣሪያውን፣ ጭዱን፣ ምድጃውን ፈታሾቹ በሙሉ ተምረውታል። የቀረው ጓሮ ነው፤ ግን በዚያ በጋ፣ መሬቱ እንደ ጡብ በደረቀበት፣ ትኩስ አፈር ያየ ሁሉ ምን ተቀበረ ማለቱ አይቀርም። ዘዴውን ያመጡት እመት ብዙነሽ ናቸው። በዚያ ቃጠሎ መሬት የሚቆፍር ሰው ቢኖር በርበሬ የሚያፈላ ብቻ ነው። ሌላው ዘር ዝናብ ይጠብቃል፤ በርበሬ ግን በበጋው መደብ ይበጅለታል፣ ዳስ ይጣልበታል፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየጠጣ ያድግና ክረምት ሲገባ ችግኙ ተነቅሎ ይተከላል። ከሥር ምንሽሯ፣ ከላይ በርበሬው፤ ማን ይጠረጥራል? ደምሴ ማለዳ ተነስቶ ቆፈረ፣ እኔና አማቴ አፈሩን በእጃችን አደቀቅን። ሰደፏን ምስጥ እንዳይበላው መጠቅለያ ሲፈለግ የሰርጋችን በሬ ቆዳ ጓዳ ተቀምጧል፤ ጨው ተነስንሶበት፣ ታጥፎ፣ ነጋዴ ይጠብቃል። በዚያ የካቲት የቆዳ ነጋዴ ከየት ይመጣል? ጨው ያለበትን ምስጥ አይደፍርም ብለን በሱ ጠቀለልናት። ወይ ጉድ! ሦስት ሰዎች ቆመን ጨው አፈር ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ያሰበ አንድ ጭንቅላት ጠፋ። ዘሩን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ሰጠችን፤ ባሏ ከማረቆ በርበሬ በአህያ እያስመጣ የሚነግድ ሰው ነው። ለምን እንደፈለግነው አልጠየቀችም። ደምሴ በማግስቱ የእናቱን ጉልበት ስሞ ወጣ።

ዘሩ ግጥም ብሎ በቀለ። ከወንዙ በእንስራ ውሃ እያመጣን፣ ቂጡን በምስማር በበሳሳነው ቅል እንደ ካፊያ እናርከፈክፍለታለን። ቀን ቀን የባሕር ዛፍ ቅጠል የተጣለበት ዳስ ያጠላለታል። እኔም በዚያው ሰሞን መፀነሴን አወቅሁ፤ መደቡ ላይ ጎንበስ ስል የእርጥብ አፈሩ ሽታ ወደ ላይ ይለኛል። አማቴ አዩኝና አንድም ቃል ሳይናገሩ ሎሚ ቆርጠው አስያዙኝ። ከዚያ ወዲያ እንስራ ጀርባዬን አልነካም፤ ራሳቸው ወገባቸውን እየደገፉ ይወርዱ ጀመር። «እርስዎ ይረፉ እንጂ» ስላቸው «ዝም በይ፣ የተሸከምሽው ይበቃሻል» ይሉኛል። ደስታቸውን መደበቅ አይችሉበትም ነበር። ከኮስታራው ፊታቸው ሥር ፈገግታ ሾልኮ ይወጣባቸዋል።

መጋቢት ሲያልቅ ፀሐዩ ከረረ። አንድ ቀን ዳሱን ብንገልጥ ቅጠሉ ሁሉ ዘፍ ብሏል፤ ይሄ የበርበሬ ልማድ ነው፣ ሲቀዘቅዝለት ይነሳል። ሲቀዘቅዝ የዳርና ዳሩ ተነሳ፣ የመሐሉ ተኝቶ ቀረ። ውሎ አድሮ ጫፍ ጫፉ እንደተለበለበ ጠቆረ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። እመት ብዙነሽ ከመደቡ ራስጌ ቆመው ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ነይ እስኪ፣ ከዚህ ሆነሽ እዪው» አሉኝ። ሄጄ ጎናቸው ቆምኩ። ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ቢጫ ነገር ተጋድሟል፣ ከአንዱ ጫፍ ቀጠን፣ ከሌላው ሰፋ ያለ፣ ርዝመቱ ልክ የዚያችው የምንሽሯ ርዝመት። በርበሬው ከሥሩ ያለችውን ከነሰደፏ ስሎ አውጥቷታል። አማቴ ዳሱን መልሰው አለበሱትና «ውሃ ጨምሪበት» አሉኝ፤ የዋህ ነን፣ ጠምቶት መስሎናል።

እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕይወታችን በዚያ ቢጫ መስመር ላይ ተንጠለጠለ። ውሃ ባበዛን ቁጥር ይባስ ይቃጠላል፤ ለካ እኛ ስናጠጣ ጨዉ እየሟሟ ወደ ላይ ይወጣል። የሞተውን ነቅለን ከዳሩ ለምለሙን ብናዛውር እሱም እዚያው ይለበለባል። እንደገና ቆፍረን እንዳናወጣት ደምሴ ከሄደ በኋላ በአጠገባችን ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ የሰፈሩት ዘበኞች ከጉብታው ላይ ሆነው ግቢያችንን ከነጓሮው ያዩታል። መደቡን ጭራሽ እንዳናፈርሰው፣ ችግኝ አፍልቶ በመሐል የሚያፈርስ ሰው ማን አለ? እንቅልፍ አጣን። ማለዳ ስነሳ መጀመሪያ የማየው ያንን ነው። አማቴ እየዞሩ አረንጓዴ ቅጠል ከዛፍ እየቆረጡ በቢጫው ላይ ይሰካሉ፤ እሱም በዚያ ሐሩር እስከ ረፋድ አይቆይም።

ወታደሮቹ ማረፊያው አጠገብ ድንኳን ተክለው ነበር የሚኖሩት። ቀትር ላይ ከዚያ የሸክላ ዘፈን ይመጣል፣ አንድ ወንድ እናቱ የሞተችበት ይመስል እየጎተተ የሚዘፍነው፤ ቃሉ አይገባኝም፣ ዜማውን ግን ዛሬ አዚሚው ብትሉኝ አዜመዋለሁ። አንድ ቀን ለፍተሻ መጡ። ቤቱን ገለበጡት፣ ዱቄቱን ደፉት፣ ፍራሹን ወጉት። ከነሱ አንዱ፣ ሸምገል ያለ፣ ማጅራቱ በፀሐይ የበሰለ፣ እጁ እንደ ገበሬ እጅ የተሰነጣጠቀ፣ ወደ ጓሮ ዞሮ ዳሱን ገለጠና «ፔፔሮኒ!» ብሎ ጮኸ። ነፍሴ ወጣች። ለካ በቋንቋው በርበሬ ማለቱ ነው፣ ደስ ብሎት ነው የጮኸው! ቁጢጥ ብሎ ቅጠሉን በጣቱ ይዳስሳል፣ ይስቃል፣ ለብቻው ያወራል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ መጣ፣ አስተርጓሚውን መንገሻን ይዞ። መንገሻ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከፈረንጅ ቤት ሲያገለግል ቋንቋ የለመደና ጣሊያን ሲገባ የቡሽ ቆብ ያጠለቀ። «አገሩ ገበሬ ነው» አለን። «እናቱ በርበሬ ታበቅላለች አሉ። ያንን አይቶ ሆዱ ባባ። በየቀኑ እየመጣ ሊያየው ነው።»

እውነትም በየቀኑ መጣ። ሰፈሩ ፔፔ አለው። በዚያ ወፍ በማይበርበት ሐሩር ላቡን እየጠረገ ይመጣል፣ ዳሱን ይገልጣል፣ ይቀመጣል። መንገሻ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። እኔና አማቴ ጎን ለጎን ቆመን የፔፔን ዓይን እንከተላለን፤ ወዴት ያይ ይሆን፣ ምን ያስብ ይሆን፣ መቼ ይገባው ይሆን። ቢጫውን ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል። አዝኖ ነው እኮ! ታሞ ያየው በርበሬ አሳዝኖት ነው።

አንድ ቀን ከቢጫው መሐል አፈር ቆንጥሮ አነሳ። አሸተተው። ከዚያ ምላሱ ላይ አደረገው። እንትፍ አለና «ሳሌ!» አለ። ወደ መንገሻ ዞሮ እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ። መንገሻ አገጩን አሻሸና «አፈሩ ጨው አለው ይላል» አለን። «ከሥሩ የሆነ ነገር አለ፣ ከዚያ ነው የሚወጣው ይላል። ነገ አካፋ ይዞ ይመጣል። ቆፍሮ ያወጣላችሁና ጥሩ አፈር ከፋንድያ ጋር ይሞላላችኋል። አትቸገሩ፣ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ ነው የሚለው።»

ሰው በክፋቱ ሲመጣባችሁ ታለቅሳላችሁ፣ ትለምናላችሁ። በደግነቱ ሊያሰቅላችሁ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ፔፔ እንደ ልጅ ፈገግ ብሎ ያየናል፣ ምስጋና ይጠብቃል። እኔ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። እመት ብዙነሽ ቀስ ብለው መደቡ ዳር ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ሐዘንተኛ ለበሱት።

«አይቆፈርም በለው» አሉ። «ከሥሩ ልጅ አለ።»

መንገሻ አፍጥጦ አያቸው።

«ምን ታየኛለህ? ንገረው እንጂ! የምራቴ ልጅ ነው። ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። ክርስትና ያልተነሳ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፣ እዚህ ቀበርነው። ዘንድሮ ጅቡ ምን እንደለመደ ታውቃላችሁ፤ እንዳያወጣው ብለን በጨው ቆዳ ጠቀለልነው። ጨው ያለው ለዚያ ነው በለው።» ይህን ሲሉ ጣታቸውን ቀስረው ወደኔ አመለከቱ፣ ወደ ሆዴ።

አያድርስ ነው፣ እናንተ። ገላዬ ሁሉ ቀዘቀዘ፣ በዚያ ፀሐይ። የነገሩትን አውቄያለሁ፣ ሊያድኑን እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ግን ያላየሁትን ልጄን ዓይኔ እያየ ቀበሩብኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ፔፔ እንባዬን አየ። መንገሻ እኔን አየ፣ አማቴን አየ፣ መደቡን አየና ተረጎመ። ከተናገረው የገባኝ «ባምቢኖ» እና «ሞርቶ»፣ ልጅና ሙት፣ የሚሉት ብቻ ናቸው። ፔፔ ቆቡን አወለቀ። ተንበረከከ። በነሱ ደንብ አማተበና አፈሩን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ወደኔ ዞሮ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ።

መንገሻ ግን አልተከተለውም። «እመት ብዙነሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የደምሴን ሰርግ የበላሁት በጥር ነው። ገና ሚያዝያም አልወጣ።»

«በላህ እንዴ?» አሉት። «ጠገብክ?»

«ጠግቤያለሁ።»

«እንግዲያው ጥሩ።»

ቆቡን አስተካከለ። «ሙት ላይ በርበሬ የሚዘራ ሰው ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለና ወጣ። አማቴ እስኪርቅ ጠብቀው ከተቀመጡበት ለመነሳት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ደግፌ አነሳኋቸው።

ያወራል፣ አያወራም? ያን ሁሉ ጊዜ በዚህች ጥያቄ ኖርን። መንገድ ላይ ባገኘን ቁጥር ቆቡን ነካ አድርጎ «በርበሬው ደህና ነው?» ይለናል። ሌላ ቃል የለም። እኛም «እግዜር ይመስገን» እንላለን፣ ልባችን እግራችን ሥር ወድቆ። ማስፈራራቱ ይሁን ማጽናናቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጣሊያን ከወጣም በኋላ አብነት ላይ ሰዓት እየጠገነ ሸምግሎ ነው የሞተው፤ በዓመት በዓል እንሳሳም ነበር። አልነገረንም፣ አልጠየቅነውም።

ፔፔ አካፋውን ተወው። ይልቅስ ከሣጥን ጣውላ መስቀል ሠርቶ አመጣ፤ ጣውላው ላይ የዕቃው ጽሕፈት እንዳለ ነው፣ ጥቁር ቀለም። በበርበሬው መሐል ተከለው። መስቀሉን ያየ ጎረቤት ደግሞ ዝም አይል! እትዬ ዘይነባ መጣች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አንዳቸውም ሞኝ አይደሉም፤ ሰርጌ ላይ እልል ያሉ ሴቶች ናቸው፣ ልጅ እንዳልወለድኩ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ግን ጣሊያኑ የተከለውን መስቀል አዩ፣ የአማቴን ፊት አዩ፣ ገባቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ንፍሮ ቀቅለው አምጥተው ተቀመጡ። «እግዜር ካሳውን ይስጥሽ» ይሉኛል ተራ በተራ። እኔ «አሜን» እላለሁ፣ የሞተብኝ የተባለው ልጅ ሆዴ ውስጥ እያለ። እነሱ የሚያለቅሱት ለማስመሰል ነበር፤ እኔ ግን የምሬን ነበር የማለቅሰው። እንዲያ የሚያስፈራ ልቅሶ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ?

ክረምቱ ሲገባ የዳር ዳሩን ችግኝ ነቅለን ተከልነው፣ አፈራም። ፔፔ ወደ ጎጃም ሊዘምት ነው ተብሎ ሊሰናበተን መጣ። አንዱን ቃሪያ ከነፍሬው ነክሶ ዓይኑ እንባ ሲሞላ ከት ብሎ ሳቀ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎም አመሰገነን። ደምሴም ያኔ በዚያው አቅጣጫ ነው። ያን ቀን ልደታ ሄጄ ለማን እንደምጸልይ ግራ ገባኝ። ፔፔ ይሙት አልኩ፣ መልሼ ደግሞ አፌን ያዝኩ። በነሐሴ ዶፍ፣ ወታደር ከድንኳኑ በማይወጣበት ከሰዓት፣ ደምሴ የላከው ሰው ጭድ ተሸክሞ መጣ። መስቀሉን አንስተን ቆፈርን። ቆዳው በስብሶ ይሸታል። ምንሽሯን አወጣት፤ ጨዉ በልቷት ቀይ ዝገት ሆናለች፣ ማቀባበያዋ ቢጎትቱት አይነቃነቅ። ሰውዬው አገላብጦ አየና «ይቺማ ለምርኩዝ ካልሆነች» አለ። ትተናት እንዳንኖር ጭዱ ውስጥ ከትቶ ወሰዳት። አማቴ ዝናቡ ላይ ቆመው የተከፈተውን ጉድጓድ ያያሉ። «ለዚህች ነው የልጅ ልጄን የቀበርኳት?» አሉ። ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ፣ የልጅ ልጄን የቀበርኳት አሉ፤ ሴት እንደምትሆን በምን አወቁ?

ትርንጎ በጥቅምት ተወለደች። ሴቶቹ እልል ሲሉ አማቴ ውጭ ነበሩ። አልገቡም። ገንፎውን ያገነፉት እሳቸው፣ ጥሬ ሥጋዬን ያጠቡኝ እሳቸው፤ ልጅቷን ግን ዘወር ብለው አላዩዋትም። «እማማ፣ ይቀፏት እንጂ» ስላቸው ወደ ኋላ ሸሹ። «አንቺ ልጅ፣ አፌ የሞት አፍ ነው» አሉኝ። «ክርስትና ሳይነሳ ሞተ ብዬ በዚህ ምላሴ ተናግሬባታለሁ። የተናገርኩት ቃል አየር ላይ ነው ያለው፣ ይፈልጋታል። እኔ ከነካኋት ያገኛታል። በሕይወት እስካለሁ አልነካትም።» አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ ቄስ አስመከርኩ። ቄሱም ሞኝነት ነው አሏቸው። «ይሁን አባቴ፣ ሞኝ ልሁን» ብለው አማተቡ። ሰማንያ ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ማለዳ ልጄ ትንፋሽ አላት ወይ ብዬ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አደርግ ነበር። አማቴ ከበሩ ውጭ ቆመው «አለች?» ይላሉ። «አለች» እላለሁ። ውሃ ልቀዳ ብለው ይሄዳሉ። ልደታ ወስደን ክርስትና ስናስነሳት ከቅጽሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆመው ነበር፤ ስንወጣ ልጅቷን በሩቅ አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

ክርስትና ከተነሳችማ ይተዉታል ብዬ ነበር። አልተዉትም። ቀሚሷን ይሰፋሉ፣ ዳቦ ይደብቁላታል፣ ብትወድቅ ግን እኔን ይጠራሉ እንጂ አያነሷትም። ደምሴ ባንዲራችን ሲመለስ አንድ እግሩን እያነከሰ ገባና ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። «እማዬ፣ የኔ ምንሽር ጦስ ነው፣ በኔ ይሁን!» ብሎ ልጅቷን አንስቶ ጭናቸው ላይ ቁጭ አደረጋት። እሳቸው እሳት እንደነካው ሰው ዘለው ተነሱ። ትርንጎ መሬት ወደቀች። ያን ያህል አልተጎዳችም፣ ለቅሶዋ ግን ሌላ ነበር። ከዚያ ወዲያ እሷም ወደሳቸው መሄዷን ተወች። ትርንጎ ዛሬ ራሷ አያት ናት፣ ፀጉሯ ከኔ ይበልጥ ሸብቷል፤ የሰው ልጅ ስታቅፍ ማውረድ አትወድም። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

እመት ብዙነሽ የታመሙት ባንዲራችን በተመለሰበት በዚያው ዓመት፣ ሙቀቱ እንዲሁ በከረረ ጊዜ ነው። ለጥቂት ቀናት ብቻ ተኙ። በመጨረሻው ጠዋት ጠሩኝ። ነገሩ ገብቶኝ ትርንጎን ይዤ ገባሁ፤ አራት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ከኋላዬ ተደብቃለች። እሳቸው እንዳዩን ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ውሰጂያት አስካለ» አሉኝ ከነጠላው ሥር። «ገና አልሞትኩም።»

«እማማ፣ አንዴ ብቻ ይሳሟት። ምንም አትሆንም።»

«ውሰጂያት አልኩሽ እኮ!» ድምፃቸው የድሮው ቁጣቸው ሆነ። ከዚያ በለሆሳስ «ስሞት ታሳሚያታለሽ» አሉኝ።

ረፋድ ላይ ዐረፉ። ሴቶቹ ገብተው ከመጮሃቸው በፊት ትርንጎን ከውጭ ጠርቼ አቀፍኳት። ነጠላውን ከፊታቸው ገለጥኩና «ሳሚያቸው» አልኳት። ወደ ኋላ አለች። «አይቆጡኝም?» አለችኝ። «አይቆጡሽም» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመች፤ ገና ይሞቅ ነበር።